ጥቆማ፦ በወሎ ለምትማሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የትርፍ ሰዓት የቴክኖሎጂ ሥራ የት ይገኛል?

በደሴና በኮምቦልቻ የምትማሩ፣ በተለይም የኮምፒውተር ሳይንስ፣ የሶፍትዌር ኢንጂነሪንግና የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተማሪዎች፣ ከትምህርታችሁ ጎን ለጎን ምን ሠርታችሁ ገቢ ማግኘት እንደምትችሉ ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁ፣ ያሉትን አማራጮች እያነጻጸርኩ የምመክረውንና የማልመክረውን እጽፋለሁ። አብዛኛው ተማሪ ገና ከጅምሩ ዓይኑን የሚጥለው በዶላር በሚከፈል የኦንላይን ሥራ ላይ ነው። እኔ ግን ከግቢው በርና ከከተማው፣ ሥራው ሲረከብ ክፍያው ወዲያው በእጅ ወይም በቴሌብር ከሚፈጸምበት ሥራ መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ።

ለዚህ አቋሜ ዋናው ምክንያት የኢንተርኔቱ ጉዳይ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። በዚያ ጊዜ ገቢው ሙሉ በሙሉ በኦንላይን ሥራ ላይ የቆመ ሰው ደንበኛውን ይቅርታ ለመጠየቅ እንኳ መንገድ አልነበረውም፤ ኮምፒውተር የሚጠግን ወይም ጽሑፍ የሚያስተካክል ሰው ግን መሥራቱን መቀጠል ይችል ነበር።

በመጀመሪያ ደረጃ የምጠቁመው በየግቢው በር አካባቢ ያሉትን የኮፒና የጽሕፈት ቤቶች ነው። ብዙዎች ይህን ሥራ እንደ ተራ ትየባ ስለሚያዩት ይንቁታል፤ በእኔ እምነት ግን ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሲቃረብ ወደነዚህ ቤቶች የሚመጣውን ሥራ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ተማሪው ፍላሹን ይሰጣል፤ ፋይሉ ሲከፈት የአማርኛው ክፍል ትርጉም የሌላቸው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ክምር ሆኖ ይታያል። ምክንያቱ ጽሑፉ በድሮው የፓወር ግዕዝ ፊደል ተተይቦ፣ ያ ፊደል ባልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ መከፈቱ ነው። መፍትሔው ፊደሉን መጫን፣ ወይም የበለጠ ዘላቂ የሚሆነው፣ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች በጋራ ወደሚያውቁት የፊደላት ኮድ፣ ቀይሮ በኒያላ ፊደል ማስቀመጥና ከመታተሙ በፊት ወደ ፒዲኤፍ መለወጥ ነው። ቀጥሎ የመግቢያው ገጾች በሮማውያን ቁጥር፣ ዋናው ክፍል ደግሞ ከ1 ጀምሮ እንዲቆጠር ክፍሎቹን መለየት፣ ማውጫው በራሱ እንዲወጣ ርዕሶቹን በስታይል ማበጀት ይመጣል። ይህን በትክክልና በፍጥነት የሚሠራ ተማሪ ለቤቱ ባለቤት እጅግ ተፈላጊ ስለሆነ፣ በገጽ ሳይሆን በሥራ እንዲከፈለው የመደራደር አቅም ይኖረዋል። ከባለቤቱ ጋር ስትስማሙ የምሽትና የቅዳሜ ሰዓት ብቻ እንደምትሠሩ፣ በፈተና ሳምንት ደግሞ እንደማትገቡ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

በግቢ ውስጥ ያለውን ሥራ በተመለከተ፣ የኮምፒውተር ላብ ረዳትነት፣ የኔትወርክ ገመድ ዝርጋታና የቢሮ ኮምፒውተሮች ጥገና የሚመለከተው የአይሲቲ ክፍሉን ነው። ማስታወቂያ እስኪለጠፍ አትጠብቁ፤ የትምህርት ክፍል ኃላፊያችሁን ቀርባችሁ ጠይቁ፣ ላቡን ለሚያስተዳድሩት ባለሙያዎችም የምትችሉትን ለይታችሁ ንገሩ። ክፍያው አነስተኛ ሊሆን ይችላል፤ ምናልባትም በመጀመሪያው ሴሚስተር ጭራሽ ላይኖር ይችላል። ሆኖም እውነተኛ ስዊችና እውነተኛ ሰርቨር በእጃችሁ መንካታችሁና ነገ የሚመሰክርላችሁ ባለሙያ ማግኘታችሁ ዋጋ ስላለው፣ ሌላ ገቢ ላለው ተማሪ ይህን አስቀድማለሁ። ወር በወር የኪስ ገንዘብ ለሚቸግረው ተማሪ ግን የኮፒ ቤቱን እመርጣለሁ።

የሞባይል ጥገና ሌላው አማራጭ ነው። የጥገና ሱቆች በብዛት የሚገኙት በደሴ፣ በፒያሳና በአራዳ አካባቢ ሲሆን፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎች ደግሞ የሚኖሩት ኮምቦልቻ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ የሐረጎን ዳገት በየቀኑ በሚኒባስ እየወጡ መሥራት ትርፉን በትራንስፖርት ያስበላል፤ ጥናትንም ይሻማል። ስለዚህ የኮምቦልቻ ተማሪዎች በዚያው ከተማ ያሉትን ሱቆች ቢጠይቁ፣ ደሴን ለቅዳሜና እሑድ ብቻ ቢያስቡ ይሻላል። ሙያው ራሱ ከቻርጅ ማስገቢያ ጽዳትና ከስክሪን ቅየራ ጀምሮ ወደ ሶፍትዌር መጫን፣ ከዚያም ወደ ቦርድ (የስልኩ ውስጣዊ ሰሌዳ) ሥራ የሚያድግ ስለሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ለኤሌክትሪካል ተማሪዎች ግን በጣም እመክረዋለሁ።

በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክና በፋብሪካዎቹ የትርፍ ሰዓት ሥራ ለማግኘት ተስፋ የምታደርጉ አላችሁ። ፋብሪካ ሠራተኛ የሚፈልገው በሙሉ ፈረቃ ነው፤ ስለዚህ እነሱን ለኢንተርንሺፕ ጊዜ አቆዩአቸው። ከዚያ ይልቅ የጅምላ ነጋዴዎችን አነጋግሩ። የዕቃ ገቢና ወጪውን፣ የዱቤ ደንበኞቹንም ስም በደብተር የሚይዝ ነጋዴ፣ ሒሳቡን በኤክሴል አደራጅቶ በየሳምንቱ የሚያስተካክልለት የታመነ ልጅ ቢያገኝ ይደሰታል። ይህ ሥራ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚወስድ በመሆኑ ከትምህርት ጋር በእጅጉ ይስማማል።

ወደ ኦንላይኑ ስንመጣ፣ ከአገር ውስጥ ቀድሞ ፍሪላንስ ኢትዮጵያ ይባል የነበረውን የሥራ ማገናኛ፣ አፍሪወርክን፣ አስቀድማለሁ። ሥራዎቹ በቴሌግራም ስለሚለቀቁ በአነስተኛ ዳታ መከታተል ይቻላል፤ ክፍያውም በብር ስለሚሆን የውጭ ካርድ አይጠይቅም። ድክመቱ ብዙዎቹ ማስታወቂያዎች አዲስ አበባ ላለ ሰው የታሰቡ መሆናቸው ነው፤ ስለዚህ ከርቀት የሚሠሩትን ብቻ ለይታችሁ አመልክቱ። የውጭው የፍሪላንስ ሥራ ማገናኛ አፕወርክ በአንጻሩ ሰፊ ገበያ ነው፤ ነገር ግን ለማመልከት የሚያስፈልገውን ኮኔክት የተባለ የማመልከቻ ነጥብ ለመግዛት በዶላር የሚከፍል ካርድ ያሻል፣ ድርጅቱም ከክፍያው ኮሚሽን ይቆርጣል። የሰዓቱም ልዩነት አለ፤ ኒው ዮርክ ሥራ ሲጀምር በእኛ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ስለሆነ፣ ከደንበኛ ጋር የምትነጋገሩበት ጊዜ ከማታው ጥናታችሁ ጋር ይጋጫል። ለሦስተኛና ለአራተኛ ዓመት ተማሪ፣ የሚያሳየው የተሠራ ሥራ ካለው፣ እመክራለሁ፤ ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪ አልመክርም።

በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም የምትማሩ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ገበያው በአቅራቢያችሁ ጠባብ ስለሆነ ለእናንተ ሥልጠናው ይቀድማል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም በነጻ ይሰጣል፤ የፕሮግራሚንግ መሠረታዊ ትምህርት፣ የዳታ ትንተናና የአንድሮይድ ሥልጠና አለው፤ ሲጨርሱም የምስክር ወረቀት ያስገኛል። ወረቀቱ ብቻውን ሥራ አያመጣም፤ በተማራችሁት አንድ ትንሽ ነገር፣ ለምሳሌ ለሰፈራችሁ ፋርማሲ የመድኃኒት መመዝገቢያ፣ ሠርታችሁ ከጎኑ አስቀምጡ።

ላፕቶፕ ለመግዛት የምታስቡ፣ ያገለገለ መግዛት አያሳፍርም። 8 ጊጋባይት ራምና ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የፋይል ማከማቻ) ያለው ይበቃል። ከመክፈላችሁ በፊት ዊንዶውስ ራሱ የሚያወጣውን የባትሪ ሪፖርት አስከፍታችሁ፣ ባትሪው አዲስ ሳለ የነበረውን አቅም አሁን ከሚይዘው ጋር አስተያዩ፤ ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ የባትሪውን ዋጋ ከሒሳቡ አስቀንሱ።

በመጨረሻም አጥብቄ የማሳስባችሁ ነገር አለ። ሥራ ለማስጀመር በቅድሚያ የመመዝገቢያ ገንዘብ ለሚጠይቅ ማንኛውም የቴሌግራም ቻናል አንድ ብር እንዳትልኩ። የኦንላይን አካውንታችሁን ወይም የፋይዳ መታወቂያችሁን ለሌላ ሰው በኪራይ አትስጡ፤ በስማችሁ ለሚፈጸመው ሁሉ ተጠያቂ የምትሆኑት እናንተ ናችሁ። የሌላ ተማሪን የመመረቂያ ፕሮጀክት በክፍያ ሠርቶ መስጠትንም፣ ገንዘቡ የቱንም ያህል ቢያጓጓ፣ እንደ ሥራ አትቁጠሩት። ጽሑፉን ማስተካከልና ማሳተም አገልግሎት ነው፤ ኮዱን በእሱ ስም መጻፍ ግን ለሁለታችሁም መባረርን ሊያስከትል የሚችል ጥፋት ነው።