ከከሚሴ ደሴ የመጣች የ12 ዓመት ልጅ ክፍሏን እንድትለምድ ምን ላድርግ?

የደሴዋ አክስት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የእህቴ ልጅ እስከ 6ኛ ከሚሴ በኦሮምኛ ተምራ ዘንድሮ 7ኛ ክፍል እኔ ዘንድ ገባች። አማርኛ ጥሩ ትናገራለች፤ ጮክ ብላ ስታነብ ግን ትደናቀፋለች፣ ይስቁባታል። ሦስት ጓደኛሞች አንድ ቀን አቅርበዋት በማግስቱ ያኮርፏታል። አሁን መንገድ ላይ በኦሮምኛ ሳናግራት «ሰው ይሰማል» ትለኛለች። እነሱ የያዙትን ዓይነት ቦርሳም ግዢልኝ ብላለች። ልግዛላት? ወይስ ትምህርት ቤት ልቀይር?

መምህርት ከኮምቦልቻ፦
አብሽሪ እህቴ። አትቀይሪ፤ ንባቡ ካልተቃና ሳቁ እዚያም ይከተላታል። ስንፍና አይደለም። በቁቤ፣ ማለትም ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ የሚጠብቅ ድምፅ ሁለት ጊዜ ስለሚጻፍ ዓይኗ ያንን ለምዷል። በፊደላችን ግን «አለ» ሲጠብቅም ሲላላም አጻጻፉ አንድ ነው፤ ቃሉን ቀድሞ የሰማ ብቻ ነው በትክክል የሚያነበው። ስለዚህ ማታ ማታ 15 ደቂቃ የነገውን ምንባብ ያዙ፦ መጀመሪያ አንቺ አንብቢላት፣ እሷ በጣቷ ትከተል፤ ከዚያ ራሷ ሁለት ጊዜ ታንብብ። ስትሳሳት መሃል ላይ አታቋርጫት፣ አንቀጹ ሲያልቅ አርሚያት።

የአማርኛ መምህሯን ለብቻ አነጋግሪ። ለአንድ ወር ያህል በድንገት እንዳያስነሷት፣ የምታነበውን አንቀጽ ከዋዜማው እንዲነግሯት ጠይቂ። የሳቁትን ክፍል ውስጥ እንዲቆጡላት ግን አትጠይቂ፤ «አሳባቂ» የሚል ስም ይወጣላትና ያኔ ነው ብቻዋን የምትቀረው።

የቧንቧ ውሃ እናት፦
ቦርሳውን ተይው። ነገ ጫማ ይሆናል፣ ከነገ ወዲያ ስልክ። ሦስቱን ማሳደዱም ይቅር፤ የተጣበቀ ቡድን አራተኛ ሲመጣበት አንዷን ያስወጣል፣ የምትወጣውም አዲሷ ናት። ወደ ቤት ስትመለስ በእናንተ መንገድ የምትሄድ አንድ የክፍሏ ልጅ አትጠፋም። እናቷን አስፈቅደሽ ቅዳሜ የቤት ሥራ እንዲሠሩ ጥሪያት። አንዷን ብቻ፣ ከሁለት ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ። ቆሎ አቅርቢና ከአጠገባቸው ዞር በይ፤ አዋቂ ካጠገባቸው ከተቀመጠ ዝም ይላሉ።

የወሎ ልጅ፦
በኦሮምኛው ጉዳይ አታስገድጃት፣ አንቺም አትተዪው። ቤት ውስጥ እንደ ወትሮው አውሪ፤ መንገድ ላይ ምርጫው የእሷ ይሁን። ሲያሾፉባት የምትመልሰው አጭር ነገር ይኑራት፦ «አዎ፣ ሁለቱንም እችላለሁ»፣ ከዚያ ወደ ሥራዋ። ቤት ውስጥ ጮክ ብላ ትለማመደው፤ በለቅሶ ድምፅ ከወጣ ይብሱን ያሾፉባታል። የጠዋት ሆድ ቁርጠት ከደጋገማት ወይም ምሳ ዕቃው ሳይነካ ከተመለሰ ግን ነገሩ ከኩርፊያ አልፏል። ያን ቀን የሳቁትን ልጆች ወላጆች ሳይሆን የክፍል ኃላፊዋን አግኚ።