የጦሩ ጠበቃ ሲቪል ይክሰስ?

ሸንጎ፦ ፔንታጎን በ2025 ለዋሽንግተን ዲሲ የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ቢሮ 20 ወታደራዊ ጠበቆች ከሳሽ ሆነው እንዲሠሩ ፈቅዷል። የ1878ቱ የፖሲ ኮሚታተስ ሕግ ግን ጦሩ በሲቪሉ ላይ ሕግ እንዳያስከብር ይከለክላል። ሰውን ከስሶ ችሎት ማቆም ሕግ ማስከበር ካልሆነ ምንድን ነው?

መዝገብ፦ ወንድሜ፣ ያው ሕግ ኮንግረስ በግልጽ የፈቀደውን አይነካም። የጦሩ ጠበቃ በሲቪል ችሎት ለመንግሥት እንዲቆም በ1983 ተፈቅዷል። በ1989ም የ5ኛው ምድብ ይግባኝ ፍርድ ቤት በኦልሬድ መዝገብ ክልከላው አልተጣሰም ብሏል። ጦር ሰፈር ውስጥ ጠጥቶ የነዳ ሲቪል፣ ማጅስትሬት (ቀላል ጉዳይ የሚያይ የፌዴራል) ዳኛ ፊት ሲቀርብ የሚከሰው ድሮም የጦሩ ጠበቃ ነው።

ሸንጎ፦ የ5ኛው ምድብ ኒው ኦርሊንስ ነው፤ ዲሲን አያስገድድም። የጦር ሰፈሩ ጥፋት ይሁን፣ የጎዳናው ስርቆት ከጦሩ ጋር ምን አገናኘው? የጠበቃውን እድገት የሚወስኑለትስ የጦር አለቆቹ አይደሉም?

ቀጠሮ፦ እናንተ በጠበቆቹ ሹመት ሕጋዊነት ተያዛችሁ፤ የሚበላሸው ችሎት ውስጥ ነው። እነዚህ ጠበቆች በለመዱት ጠቅላላ ወታደራዊ ችሎት (ከባድ ጥፋት በሚታይበት) ከ8 አባላት 6ቱ ካመኑ ጥፋተኛ ይባላል፤ አባላቱን የሚመርጠውም አዛዥ ነው። የሲቪሉ ጁሪ (ጥፋተኝነትን የሚወስኑ ተራ ዜጎች) 12 ሰው ነው፣ አንዱ እንኳ እምቢ ካለ ፍርድ የለም። በፌዴራል ከባድ ክስ ደግሞ ከሳሹ ተከሳሹ ከተያዘበት ቀን አንሥቶ በ30 ቀን ውስጥ ከግራንድ ጁሪ (ክሱ ይቅረብ ወይ ብለው ከሚወስኑ ዜጎች) 12 ድምፅ ማግኘት አለበት። ጦሩ ግራንድ ጁሪ የሚባል ነገር የለውም።

ለእኛ ሰው የሚከፋው ጥፋትን አምኖ ቅጣት ለማቅለል ከከሳሹ ጋር የሚደረገው ድርድር ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በስርቆት 1 ዓመት ቢፈረድበት፣ ቅጣቱ ቢገደብለት እንኳ፣ በኢሚግሬሽን ሕግ ከባድ ወንጀል ሆኖ ለመባረር ይዳርገዋል። 364 ቀን ከሆነ በዚያ አንቀጽ አይያዝም። የቆየ ዐቃቤ ሕግ ይህቺን አንድ ቀን ያውቃታል፤ ትናንት የመጣ መኮንን «ምን ለውጥ አለው?» ይላል።

መዝገብ፦ እሱን የማስጠንቀቅ ግዴታ የተከላካይ ጠበቃው ነው፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ2010ሩ የፓዲላ ውሳኔ አለ።

ቀጠሮ፦ ጠበቃው ያስጠነቅቃል፣ 364ን የሚሰጠው ግን ከሳሹ ነው። ከተመደቡ አይቀር እስከ 180 ቀን በሚያስቀጡት፣ ዳኛ ብቻውን በሚያያቸው ቀላል ክሶች ይጀምሩ።

ሸንጎ፦ እንዲያ ከሆነ እስማማለሁ፤ ግን ክሱን የሚፈርመው ሲቪል ይሁን።