ከኮሌስትሮል መድኃኒቴ ጋር ተጨማሪ እንክብል መውሰድ እችላለሁ?

ዕድሜዬ 52 ነው፤ አባቴ በ54 ዓመቱ በድንገተኛ የልብ ሕመም ያረፈ በመሆኑ፣ ባለፈው ወር በተደረገልኝ የደም ምርመራ ኤልዲኤል የሚባለው ጎጂ ኮሌስትሮል 168 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሆኖ መገኘቱ እንቅልፍ ነስቶኛል። ሐኪሜ ያዘዙልኝን 20 ሚሊግራም አቶርቫስታቲን መውሰድ ከጀመርሁ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል።

እህቴ ለእኔ አስባ የዓሣ ዘይትና ከቀይ እርሾ ሩዝ የተሠራ እንክብል አመጣችልኝ። ጠርሙሱ ላይ «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል በትልቁ ተጽፏል፣ የንጥረ ነገሩ መጠን ግን የትም የለም፤ ይህ ራሱ አላማረኝም። ባነበብሁት መሠረት በቀይ እርሾ ሩዝ ውስጥ ያለው ሞናኮሊን ኬ የተባለ ንጥረ ነገር ከሎቫስታቲን (ከእኔው መድኃኒት ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ ሌላ የኮሌስትሮል መድኃኒት) ጋር አንድ ስለሆነ፣ በያዝሁት መድኃኒት ላይ ሲደረብ ጡንቻንና ጉበትን ሊጎዳ ይችላል፤ የዓሣ ዘይት ደግሞ ትራይግሊሰራይድ የሚባለውን ሌላ የደም ስብ እንጂ ኤልዲኤልን አይቀንስም። ስለዚህ ሁለቱንም ሳልከፍት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ።

የቸገረኝ ግን ሌላ ነው፤ ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ደረጃ ስወጣ ሁለቱንም ጭኖቼን ያመኛል፣ ቀጠሮዬ ደግሞ ገና አምስት ሳምንት ይቀረዋል። መድኃኒቱን በራሴ ማቆም አልፈልግም፤ ታዲያ የጡንቻ ጉዳትን የሚያሳየውን የደም ምርመራ አሁኑኑ ልጠይቅ ወይስ ልጠብቅ? ኮሌስትሮሉን ለመቀነስ እንደ ሳይሊየም ያለ የሚሟሟ አሠር (ፋይበር) ብጨምርስ ከመድኃኒቱ በስንት ሰዓት ላራርቀው? የምታውቁ ባለሙያዎች ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።