ገላውዴዎስ፣ ቀላውዴዎስ፣ ክላውዲዮ፦ ዘመዳሞች ናቸው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የሐዋርያት ሥራ ላይ አይሁድን ከሮም ያስወጣ ቀላውዴዎስ የሚባል ቄሣር አለ፣ ምዕራፍ 23 ላይ ደግሞ ቀላውዴዎስ ሉስዮስ የሚባል ሻለቃ። የኛም ዐፄ ገላውዴዎስ አሉ። ምን አገናኛቸው?

መልስ፦ ስሙ አንድ ነው፣ የሥጋ ዝምድና ያለው ግን ጥቂቱ ጋ ብቻ ነው። ክላውዲዮስ በሮም የቤተሰብ ስም ነበር። እንደኛ ልጁ የአባቱን ስም አያስከትልም፤ ወንዱ ሁሉ የወል የዘር ስም ይይዛል፣ ሴቶቹ ደግሞ ሁሉም ክላውዲያ ይባላሉ። ሦስት እህትማማቾች በአንድ ስም ሲጠሩ አስቡት! ቤቱ ከባድ ቤት ነው። በ312 ከክርስቶስ ልደት በፊት ከሮም ወደ ካፑዋ የሚወስደውን የአፒያ መንገድ ያስጀመረው አፒዮስ ክላውዲዮስ ከነሱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ41 እስከ 54 የነገሠው ቄሣርም እንዲሁ።

ሻለቃው ግን ሌላ ነው። ለጳውሎስ ዜግነቴን በብዙ ገንዘብ ነው ያገኘሁት ብሎት የለ? የሮም ዜግነት ያገኘ የውጭ ሰው ዜግነቱን የሰጠውን ሰው የቤተሰብ ስም ይይዝ ነበር። ሉስዮስ የግሪክ ስሙ ነው፣ ቀላውዴዎስ የሚለው በቄሣሩ ዘመን ዜጋ ሲሆን የመጣ ይመስላል። ስለዚህ ስሙ ከደም ይልቅ በወረቀት ተባዛ ብትሉ ያስኬዳል። የእስክንድርያው የከዋክብት ሊቅ በጥሊሞስም ሙሉ ስሙ ክላውዲዮስ በጥሊሞስ ነው፣ እሱም የሮም ዜጋ ነበር።

ሌላ አባል፦ ትርጉሙ አንካሳ ነው የሚሉ አሉ፣ ቄሣሩም ያነክስ ነበር አሉ።

መልስ፦ ላቲኑ ላይ አንካሳ የሚል ተመሳሳይ ቃል አለ፣ እሱም እውነት ያነክስ ነበር። ግን ስሙ ከሱ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት የቤተሰቡ ስም ስለነበር በእግሩ የወጣለት አይደለም።

ጠያቂው፦ እሺ፣ ወደኛስ እንዴት መጣ?

መልስ፦ በሰማዕት በኩል! በቤተ ክርስቲያን ሰኔ 11 የሚታሰበው የአንጾኪያው ቅዱስ ገላውዴዎስ አለ፣ ሥዕሉ ላይ በፈረስ ሆኖ ግማሽ ሰው ግማሽ አውሬ የሆነውን ሲወጋ የሚታየው። የዐፄ ልብነ ድንግል ልጅ በዚህ ስም ተጠሩ፣ እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559 ነገሡ። ፈረንጆች መጽሐፋቸው ላይ ንጉሡን ክላውዲየስ ብለው ሲጽፉ ሮማዊ መስሎት ግራ የሚገባው አንባቢ አይጠፋም። እዚህ አገር ሲደርስ የዘር ስምነቱ ቀርቶ የክርስትና ስም ሆኗል።

ሌላ አባል፦ ሌስተር ሲቲን በ2016 ሻምፒዮን ያደረገው ራኒዬሪም ክላውዲዮ ነው እኮ 😄

መልስ፦ ልክ ነህ፣ ለጣልያኖችም ዛሬ የመጠሪያ ስም ነው።