ከሲሚንቶ ሰርጓጅ ጀልባ ይሠራል ወይ?

የሽምብጥ ልጅ፦
ሥራዬ ብየዳ ነው። ጣና ውስጥ የምትገባ የአንድ ሰው ሰርጓጅ ጀልባ ልሠራ አስቤያለሁ፤ እሺ ሳቁ። ቀፎዋን በፌሮና በሽቦ አስሬ በሲሚንቶ ብለስናትስ? ወይስ አሮጌ የጋዝ ሲሊንደር ይሻላል?

ግንበኛው፦
እኔስ አልስቅም። ኮንክሪት ሲጫኑት ጎበዝ ነው፤ የሚሰነጠቀው ሲስቡት ነው። ውሃ ደግሞ ከየአቅጣጫው ይጫናል። ስለዚህ ድቡልቡል አድርጋት፣ ጠፍጣፋ ግድግዳ አይኑራት። 10 ሜትር ስትወርድ በየካሬ ሜትሩ 10 ቶን ያህል ይጨመርባታል። እኔን የሚያሰጋኝ ክዳኑና መስኮቱ ከኮንክሪቱ የሚገናኙበት ቦታ ነው። ክብደቱስ ይጠቅምሃል፤ 2 ሜትር ኩብ የሆነች ጀልባ ለመስመጥ 2 ቶን ያህል መመዘን አለባት። ከቀጭን ብረት ብትሠራት ድንጋይ ልትጭንባት ነው። ሲሊንደሩን ተወው፤ የተሠራው ከውስጥ ለሚገፋ ግፊት ነው።

ባለ ጀልባው፦
ኧረ ወንድሜ፣ ምን ልታይ ነው? ክረምት ላይ ውሃው ጭቃ ነው። እንቦጩም ፕሮፔለርህ ላይ ይጠመጠማል። በደንገል ታንኳ ዘጌ ድረስ ብትቀዝፍ አይሻልም?

የሽምብጥ ልጅ፦
በጋ ላይ ነው የምገባው። አየሩስ እንዴት ይሆናል?

ግንበኛው፦
ኦክስጅኑ ሳያልቅ የራስህ ትንፋሽ ይገድልሃል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚመጥ “ሶዳ ላይም” (soda lime) የሚባል ኬሚካል ያስፈልጋል። 2023 ላይ ታይታን የተባለችው ሰርጓጅ ጀልባ ውቅያኖስ ውስጥ ስትጨፈለቅ 5 ሰው ሞቷል፤ ቀፎዋ ካርቦን ፋይበር ነበር። አንተም መጀመሪያ ባዶዋን በገመድ አውርዳት። ውሃ ካስገባች ፎቶውን እዚህ ለጥፍልን።