ድንኳኑን የት ልትከለው?

ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሦስት ሌሊት ድንኳን ውስጥ ልናድር አስበናል። ያለን አንድ የሦስት ሰው ድንኳን ነው፤ ለበረዶ የተሠራ አይደለም። የመኝታ ከረጢቶቻችን እስከ 5 ዲግሪ ሴልሺየስ ብርድ ይችላሉ።

መጀመሪያ የወጣን ጊዜ ቦታውን የመረጥኩት ፎቶ አይቼ ነው። ስህተቱ እዚያው ጋ ነው። ሐይቁ አፍ ላይ ተከልን። ማታ ጨረቃዋ ውሃው ላይ ስትወጣ እንዴት እንደምታምር! ሌሊቱን ግን ቀዝቃዛው አየር ከዳገቱ ወርዶ እኛ ያለንበት ረባዳ ላይ ተኛ። ሊነጋ ሲል የድንኳኑ ጣሪያ ከትንፋሻችንና ከውሃው እርጥበት የተነሳ ይንጠባጠብብን ጀመር። የትንኙን ነገር ባላነሳው ይሻላል።

በሁለተኛው ጉዞ "አሁንስ ገብቶኛል" ብዬ ኮረብታ አናት ላይ ተከልኩ። እይታው ልብ ይሰርቃል። እኩለ ሌሊት ላይ ነፋሱ ሁለት ካስማ ነቀለና ድንኳኑን በእጃችን ደግፈን አነጋን።

አሁን ሁለት ቦታ ይዣለሁ። አንዱ ከሐይቅ 60 ሜትር ያህል የራቀ፣ ከውሃው ከፍ ያለ ሜዳ ነው። ፀሐይ መውጫውን ከመኝታችን ሆነን እናያለን፤ ነፋስ የሚከልል ዛፍ ግን የለም። ሌላው ጫካ የከለለው የተራራ ወገብ ነው። ለእይታ ትንሽ መራመድ ይጠይቃል። ከሐይቁ 1000 ሜትር ከፍ ስለሚል ብርዱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይብሳል ብዬ ሰግቻለሁ። ደረቅ ቅርንጫፍ የተንጠለጠለበት ዛፍ ሥር እንደማይተከል አውቃለሁ።

በዚህ ድንኳንና በዚህ ከረጢት እናንተ ብትሆኑ የትኛው ቦታ ላይ ታድራላችሁ?