ዓይነ ስውር ተማሪዬን ካርታ እንዴት ላስተምራት?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ማኅበራዊ ሳይንስ አስተምራለሁ። ዘንድሮ ክፍሌ ውስጥ አንዲት ዓይነ ስውር ተማሪ አለች። ታሪክ ላይ የሚደርስባት የለም፤ ላፕቶፗ ላይ ኤንቪዲኤ የሚባለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ጭናለች፣ እኔ በማልሰማው ፍጥነት ታስነብበዋለች። ጭንቄ ጂኦግራፊ ላይ ነው። የዓባይን ተፋሰስ ምዕራፍ በፒዲኤፍ ላክሁላት። በማግስቱ «ቲቸር፣ ፋይሉ ባዶ ነው» አለችኝ። እኔ ስከፍተው 14 ገጽ ነው! ካርታውንስ ምን ላድርገው? እስካሁን «ይሄን ዝለይው» እያልኩ ነው ያለፍኩት። ያሳፍረኛል።

መልስ 1
መምህር፣ ፋይሉ ስካን የተደረገ ነው። ለእኛ ጽሑፍ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ፎቶ ነው። አንዱን ቃል በማውስ ለመምረጥ ይሞክሩ፤ እምቢ ካለዎት እሷም ጋ አይነበብም። በኦሲአር፣ ማለትም ፎቶ ላይ ያለን ፊደል ወደ ጽሑፍ በሚቀይር ፕሮግራም፣ ወደ ዎርድ ይቀይሩት፤ ከዚያ ስምና ዓመተ ምሕረቱን በዓይንዎ ያርሙ። እ.ኤ.አ. 1869ን 1889 ካደረገው የስዊዝ ቦይ 20 ዓመት ዘግይቶ ተከፈተ ማለት ነው 😄 ርዕሶቹን ደግሞ በማወፈር ብቻ አይለፏቸው፤ የዎርድን የርዕስ ስታይል ይስጧቸው። ከርዕስ ርዕስ እየዘለለች የምትፈልገውን ታገኛለች።

መልስ 2
እኔ ራሴ ዓይነ ስውር ነኝ፤ «ዝለለው» እየተባልኩ ነው የተማርኩት። ነጭ ዓባይ ወደ ደቡብ የሚፈስ ይመስለኝ ነበር። ውኃ ወደ ታች ይወርዳል ይሉኛል፣ ካርታ ላይ ታች ደቡብ ነው ይሉኛል፤ ሁለቱን ገጣጠምኳቸው! ያስተካከለኝ የለም።

ሙቀት ሲነካው ጥቁሩ መስመር የሚያብጥ ወረቀት አለ፤ ማሽኑን ካገኙ ግሩም ነው። ካላገኙ ክርና ሙጫ ይበቃል። ግን ያንኑ የመጽሐፉን ካርታ እንዳለ አይገልብጡት። ድንበሩ፣ ከተማው፣ ተራራው አንድ ላይ ሲሆን ለጣት ሽንብራ ላይ እንደመሄድ ነው። ለነጭ ዓባይ ቀጭን ክር፣ ለጥቁር ዓባይ ወፍራም፣ ካርቱም ላይ አንድ የልብስ ቁልፍ፤ በቃ። ድንበሩን በሌላ ወረቀት። እሷ ስትዳስስ እርስዎ ከጎኗ ሆነው «ይህ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ወደ ሰሜን ይወጣል» እያሉ ይንገሯት፤ ድምፅዎን በስልኳ ትቅዳው።

ጠያቂው
በክሩ ሠራሁት። ከጣና ጀምራ ጣቷን እየጎተተች ሄደችና ቆመች። «ቲቸር፣ ወደ ሱዳን የሚሄድ ከሆነ መጀመሪያ ለምን ወደ ደቡብ ዞረ?» በስንት ዓመት ማስተማር ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። የጮቄን ተራራ እየዞረ እንደሆነ ነገርኳት። አሁን ተራራውንም ሥራልኝ ብላኛለች፤ ከምን ልሥራው?